የተደበቀውን አሳይ

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ የምትኖር የሰፈራችን ልጅ ደወለችልኝ። እናቷን ከቀበረች ወራት አልፈዋል፤ አሁን የመጣችው ቤቱን ልታስረክብ፣ ዕቃውን ለዘመድ ልታከፋፍል ነው። የጤናው ጥያቄ ካለቀ በኋላ «ወንድም ጋሼ፣ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር የት ይገኛል? የኔ ላፕቶፕ ማስገቢያ የለውም» አለችኝ።

«የምን ሲዲ?» አልኳት። አልኳት እንጂ የምን ሲዲ እንደሆነ ከእሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

«ከእማዬ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ምንም አልተጻፈበትም።»

ላጠያይቅልሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ2001 ዓ.ም. ነው። አባቷ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ጡረተኛ መምህር፣ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ዐረፉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሦስት ዓመታት፣ ልጃቸው ገንዘብ ልካ ባስገዛችላቸው ኮምፒውተር ላይ፣ በሁለት ጣት፣ በፓወር ግዕዝ፣ ያስተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ታሪክ ሲጽፉ ነበር። ኮምፒውተር ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ስንቱን ትውልድ እርሳስ አያያዝ ያስተማሩ ሰው «ማውሱን ለቀቅ አድርገው ይያዙት ጋሼ» ስላቸው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደንገጥ ብለው እጃቸውን ሲያስተካክሉ ሆዴ ይባባ ነበር።

እናላችሁ፣ ተዝካራቸው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ባለቤታቸው አስጠሩኝ። ስደርስ ኮምፒውተሩ እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል ለብሷል። «እየው ልጄ» አሉኝ። «ያን ሁሉ ሌሊት ሲለቅመው የነበረው ጽሑፍ ጠፍቷል አሉኝ። የእህቴ ልጅ ከፍቶ አየው፤ ባዶ ነው አለ። ልጅቷ ደግሞ አሳትሜ ለተዝካሩ ለሰው አድላለሁ ብላ ቆርጣለች።»

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ሲነካካ የኖረ ሰው በሽታውን ሳይነገረው ያውቀዋል። ጋሼ ጽሑፋቸውን በወረቀት ሊያስወጡ ፍላሻቸውን ይዘው መንገድ ዳር ካለ ጽሕፈት ቤት ሄደዋል፤ ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ተመልሷል። የዚያን ጊዜው የፍላሽ ቫይረስ ጠባዩ የሌባ ሳይሆን የተንኮለኛ ነበር። ፎልደሮቻችሁን አይወስድም፣ አያጠፋም፤ ይደብቃቸዋል። በደበቀው በያንዳንዱ ቦታ ደግሞ በስሙ የሚጠራ፣ መልኩም ቁርጥ ፎልደር የሆነ የራሱን ግልባጭ ያስቀምጣል። ሰው ፎልደሬን ከፈትኩ ብሎ ሁለቴ ሲጫን ቫይረሱን ቀሰቀሰ ማለት ነው። ጸረ ቫይረስ መጥቶ ግልባጮቹን ሲጠራርግ ባዶ መስኮት ይቀራል፤ ባለቤቱም «ጠፋብኝ» ብሎ ያለቅሳል። ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ ብታደርጉ ግን ግማሹ ሞልቷል። የለም የተባለው ነገር ቦታ ይዟል። አንዳንዱ ቫይረስማ የተደበቀውን ማሳያ ሰው እንዳያገኘው «ፎልደር ኦፕሽንስ» የሚለውን ራሱን ከሜኑው ላይ ያጠፋ ነበር።

የጋሼ ኮምፒውተር እስከዚያ አልደረሰም። ኤክስፒ ነው። «ቱልስ»፣ ከዚያ «ፎልደር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ቪው» ብዬ «የተደበቁ ፋይሎችንና ፎልደሮችን አሳይ» የሚለውን መረጥኩ። ይህ ብቻውን አይበቃም። ቫይረሱ የደበቀው ነገር ላይ «የተደበቀ» ከሚለው ምልክት ሌላ «የሲስተም» የሚል ምልክትም ስለሚለጥፍ፣ ዝቅ ብሎ የሲስተሙን ፋይሎች የሚከልለውንም ማንሳት ያስፈልጋል። ያን ስታነሱ ዊንዶውስ ይደነግጣል። እነዚህ ፋይሎች ከተነኩ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ይችላል፤ እርግጠኛ ነህ ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ልብ አድርጉልኝ፤ ስለራሱ አንጀት ሲሆን ይጠይቃል። ሰው የደበቀውን ለማየት ስትነሱ ግን አንዲት ጥያቄ የለውም።

«አዎ» አልኩት። መስኮቱ ሞላ። የትምህርት ቤቶቹ ታሪክ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ የዕድሩ ሒሳብ፣ ሁሉም ፈዘዝ ብለው፣ ጉም ውስጥ እንዳለ ዛፍ ብቅ አሉ። የተደበቀ ነገር ሲታይ እንደሌላው አይደምቅም፤ ኮምፒውተሩ ቢያሳያችሁም መደበቁን አይረሳውም። እትዬ እልል ሊሉ ዳዳቸውና ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቡና ላፍላ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

የቀረኝ ምልክቱን ከሁሉም ላይ መግፈፍ ነው። ለዚህ በጥቁሩ መስኮት ላይ የሚጻፍ የአንድ መስመር ትእዛዝ አለ፤ «አትሪብ» ይባላል። ኤች ቀንስ፣ ኤስ ቀንስ፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን ሁሉ ብላችሁ ኢንተር ስትጫኑ በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ይገለጣል። መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ያን ቀንም ጻፍኩት። ኢንተሩን ከመጫኔ በፊት ግን ፋይሎቹ ደህና መሆናቸውን ልይ ብዬ የታሪኩን ፎልደር ስከፍት፣ ውስጡ አንዲት ሌላ ፎልደር አየሁ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። እሷም ፈዝዛለች። ይሄ አልገባኝም፤ ያ ቫይረስ የሚደብቀው ከላይ ያሉትን ነው እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ፕሮፐርቲስ አልኩ። ቫይረሱ በደበቃቸው ላይ «የተደበቀ» የምትለዋ ትንሽ ሳጥን ግራጫ ሆና አትነካም፤ የሲስተም ምልክቱ አስሯታል። እዚህች ላይ ግን ሳጥኗ ነጭ ናት፤ ራይቷም ጥርት ብላ ተቀምጣለች። ይህን ያደረገው የሰው እጅ ነው። ያን ሳጥን ደግሞ ለጋሼ ያሳየኋቸው እኔው ነበርኩ። «ልጆች ሲመጡ እንዳይነካኩብኝ ምን ይደረጋል?» ብለው ጠይቀውኝ ነው። ውስጧ 17 ፋይሎች አሉ ይላል።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ኢንተር ብጫን የቫይረሱን ተንኮልና የሟቹን ፈቃድ በአንድ ላይ ልሽር ነው።

መቼስ መደበቅና መቆለፍ አንድ አይደሉም። የድሮ ቤቶቻችንን አስቡ። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሚያስገባው በር ላይ መጋረጃ አለ። መጋረጃ ማንንም አግዶ አያውቅም፤ ነፋስ ይገልጠዋል፣ ድመት በሥሩ ታልፋለች። እንግዳ ግን አይገልጠውም። እንግዳውን የሚይዘው ጨርቁ ሳይሆን የገዛ ይሉኝታው ነው። የኮምፒውተሩ «የተደበቀ» ከዚህ መጋረጃ አይበልጥም፤ ሲፈጠርም ለመቆለፊያነት አልተፈጠረም። የድሮው ዶስ የሚነሣባቸውን ሁለት ፋይሎች ደብቆ የሚያኖረው ምሥጢር ስለነበሩ አይደለም፤ ሰው ሳያውቅ እንዳያጠፋቸው ነው። ከእጅ እንጂ ከዓይን አልሸሸጋቸውም። በዩኒክስ ዘንድማ ነገሩ ከነጭራሹ የስንፍና ልጅ ነው። እዚያው ቤት የሠራው ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተረከው፣ የያንዳንዱ ማውጫ ዝርዝር «ነጥብ» እና «ነጥብ ነጥብ» የሚባሉ ሁለት ስሞች ይዞ እየመጣ ስላስቸገረ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው በአጭሩ ልገላገል ብሎ ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ዝለል አለው። ሁለቱን ለመዝለል የታሰበው መንገድ በነጥብ የሚጀምረውን ፋይል ሁሉ ሰወረ። ሌሎች ደግሞ ጥሩ መሸሸጊያ ተገኘ ብለው ገቡበት።

ስለዚህ የተደበቀ ፋይል የሚያየውን ሰው አያስቆመውም፤ ይለምነዋል። ለማየት ሦስት ጊዜ መጫን በቂ ነው። ታዲያ ልመናውን ያልሰማ ሰው ምን አጠፋ? በር አልሰበረም፣ የይለፍ ቃል አልሰረቀም። «ክፍት ነበር እኮ» ይላል። ስንቱ የባሏን ስልክ የከፈተች፣ ስንቱ የሚስቱን የበረበረ እንዲህ ብሎ ተከራክሯል! የአይፎን ሠሪዎች ለፎቶ መደበቂያ አልበም ከሰጡ በኋላ ብዙ ዓመት ቁልፍ ሳይሰጡት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው ያለ ባለቤቱ ፊት እንዳይከፈት ያደረጉት። መጋረጃው አልበቃም ማለት ነው። ይሉኝታችን እየሳሳ ሲሄድ የቁልፍ ገበያ ይደራል።

ሌላም ነገር አለ። የተደበቀ ሲባል ወዲያው አእምሯችን የሚሮጠው ወደ ነውር ነው። እኛ ግን «ገመና» የሚባል ቃል ያለን ሕዝብ ነን። ገመና ኃጢአት ብቻ አይደለም። ጎረቤት ጭሱን አይቶ ምግብ አለ እንዲል ባዶ ድስት ጥዳ ውኃ የምታፈላ እናት ገመናዋን ነው የምትሸፍነው። ለድኻ ተማሪ በየወሩ ገንዘብ እየላከ ስሙን የማይናገርም ሰው ይደብቃል። የኖኅ ልጆች ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ካም የአባቱን ዕራቁት አየና ወጥቶ ተናገረ፣ ሴምና ያፌት ልብስ ይዘው ወደ ኋላ እየሄዱ ሸፈኑት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሁለቱም አባታቸው የት እንደተኛ ማወቃቸው ነው። ሳያውቁማ ሊሸፍኑት አይችሉም ነበር። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የነበርኩበት ሁኔታ ይሄው ነው። አውቄያለሁ። ወደ አለማወቅ መመለሻ ደግሞ የለም።

ተነሥቼ «የተደበቀ ነገር አይነካም» ብዬ ልፈርድ ነበር፤ ቶሎ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2005 ማርክ ረሲኖቪች የተባለ የዊንዶውስ ሊቅ፣ ሶኒ ቢኤምጂ በሙዚቃ ሲዲዎቹ አማካይነት በደንበኞቹ ኮምፒውተር ላይ የሚደበቅ ፕሮግራም እያስገባ መሆኑን አጋለጠ። ፕሮግራሙ ራሱን ብቻ ሳይሆን ስሙ በተወሰነ ምልክት የሚጀምር ማንኛውንም ፋይል ይሰውር ነበር፤ ሳምንታት ሳይሞሉ ቫይረስ ጸሐፊዎችም በዚያው ጥላ ሥር ተጠለሉ። ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። እዚያ ላይ «ይሉኝታ የት ሄደ፣ ለምን ገለጥከው?» የሚል ሰው ቢመጣ ይሳቅበታል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኩባንያው የደበቀው በሰው ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ የደበቁት በገዛ ቤታቸው ነው። በቤቱ የተጋረደ ይከበራል፣ በሰው ቤት የተሸሸገ ይጋለጣል። ይህን ሳገኝ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን የጓዳው ሙቀጫ ድምፅ እስኪሰማኝ ድረስ ብቻ ነበር። ቤቱ የጋሼ ብቻ ነው እንዴ? ቡና የሚወቅጡት ሴትዮ ቤት አይደለም?

ከዚያ ወዲህ በቴክኒክ ረገድ ያደረግሁት ቀላል ነው። የጅምላውን ትእዛዝ ሰርዤ ከላይ ያሉትን ፎልደሮች አንድ በአንድ ገለጥኩ፤ ያቺን ተውኳት። ቀጥሎ የማሳያውን ምርጫ ወደ ነበረበት ብመልሰው ትሰወራለች፤ እኔም ቡናዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ። ግን ዝም ማለትም መወሰን ነው። የአርባ ሦስት ዓመት ሚስት ያላወቀችውን እኔ ዐውቄ፣ እኔው ፈርጄ፣ ልወጣ ነው?

ሁለተኛው ስኒ ላይ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ጋሼ ራሳቸው የደበቁት አንድ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው?»

«አልከፈትኩትም። ቫይረሱ አይደለም የደበቀው፣ እሳቸው ናቸው።»

ብዙ ዝም አሉ። ጀበናውን ከፍ አድርገው መልሰው አስቀመጡት። «እኔም ያልነገርኩት አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንደሱ ኮምፒውተር የለኝም እንጂ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ዕዳ ከሆነስ? የሰው ገንዘብ ይዞ ከሆነስ? ተዝካር አብልቼ የሰው ዕዳ በነፍሱ ላይ ልተውበት ነው?» አሉ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ስለ ሟቹ ክብር ስፈላሰፍ ስለ አበዳሪው ረስቼ ነበር። «አንተ እየው» አሉኝ። «ዕዳ ከሆነ ትነግረኛለህ። ሌላ ከሆነ አትነግረኝም። ፊትህንም እንዳላየው እኔ ጓዳ ነኝ።»

ከፈትኩ። ዕዳ አለመሆኑን ከመጀመሪያው ገጽ ዐወቅሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ዕዳው በኋለኛው ፋይል ቢሆንስ እያልኩ ለራሴ ምክንያት እየሰጠሁ እስከ ስድስተኛው አነበብኩ። ስድስተኛው ላይ ሳለሁ ምክንያቱን ራሴም እንደማላምነው ተገለጠልኝና ዘጋሁት። የተቀሩትን ዐሥራ አንዱን ገንዘብ የሚል ቃል እንዳለባቸው ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈልግልኝ አደረግሁ፤ ከመጀመሪያውስ እንዲህ ማድረግ እችል አልነበር? ያነበብኩት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ነውር አልነበረም ወይም ነበር ብዬም አልነግራችሁም፤ እሱም ግማሹን መንገር ነውና።

«ዕዳ አይደለም እትዬ።»

«ተመስገን» አሉ ከመጋረጃው ወዲያ። ቆየት ብለው ሲወጡ ወደ ምድር እያዩ ነበር።

«ላጥፋው?»

«ማጥፋትስ ማን ሰጠን?» አሉ። ሲዲ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው ስለሚነካው ከዚያ ላይ አስወገድኩት። ሲዲውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቁልፉንም ከአንገታቸው ክር ጋር አሰሩት። የታሪኩ መጽሐፍ ታትሞ ለተዝካሩ ታደለ። ልጅቷ ያኔ ከአሜሪካ ደውላ «አባዬ ሌላ የጻፈው ነገር የለም?» ስትለኝ «ያለውን ሁሉ ለእማዬ ሰጥቻለሁ» አልኳት። ውሸት የለበትም፤ ቃሉን መርጬ መናገሬን ግን አውቃለሁ።

አሁን እትዬም የሉም። ቁልፉ ከአንገታቸው ወጥቶ በልጃቸው እጅ ገብቷል፤ ሳጥኑም ቤቱም የእሷ ሆኗል። በቤቱ የተጋረደ ይከበራል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ባለቤቷ እሷ ናት ልበል? በኮምፒውተሩ ውስጥ «የተደበቀ» የምትባለዋ ምልክት አንዲት ነጠላ ቢት ናት። ወይ አዎ ወይ አይ ትላለች። ከማን? ለምን? እስከ መቼ? የሚለውን የምትጽፍበት ቦታ የላትም። ጋሼ ከሚስታቸው ነው የደበቁት፣ ከልጃቸው ነው፣ ወይስ በእርግጥም ፋይል ከሚነካኩ ሕፃናት? እትዬስ ሲዲውን ሳያቃጥሉ ዐሥራ ምናምን ዓመት ያኖሩት ልጃቸው እንድታገኘው ነው፣ ወይስ ማጥፋቱን ስለፈሩ ብቻ? ባዶውን ሲዲ ላይ አንዲት ቃል እንኳ ጻፍበት አላሉኝም።

ይህን ስጽፍ ብዙ ነገር ለዋውጫለሁ፤ ከእሷ በቀር ማንም ሰዎቹን አያውቃቸውም። እሷ ካነበበችው ግን ታውቀዋለች። እኔም ያን ማሰቤ አልቀረም።

በቤት ውስጥ የሚቀዳ ሲዲ በዕድሜ ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ዓመት ተቀምጦ ላይነበብ ይችላል። ላይነበብ ይችላል ብዬ ሳስብ ደስ ሲለኝ ራሴን ያዝኩት። አልጋዬ ሥር ሲዲ የሚያነብ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። ትናንት ማታ አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ሌላ ሲዲ ከትቼ ሞከርኩት። ይሠራል። እሷ የምትመለሰው ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች።